ጫማውን የወረወረችው እሷ፣ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ይህን ዓምድ ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

23 ዓመቴ ነው። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን መገናኛ አካባቢ አንድ ጫማ ቤት ውስጥ ሻጭ ነኝ። ደሞዜ 7000 ብር ነው፤ ከሱ ላይ በየወሩ ለእናቴ እልካለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል እንከፍታለን፣ ማታ 2 ሰዓት እንዘጋለን። የሥራ ውል የሚባል ወረቀት የለኝም፣ በቃል ነው የገባሁት።

የሆነው እንዲህ ነው። ከፋሲካ በፊት በነበረው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ለልጇ በ3800 ብር ስኒከር ገዛች። ያስለካሁላትም እኔ ነኝ። በዘጠነኛው ቀን ሶሉ ተላቆ ይዛው መጣች። ሱቁ በሰው ሞልቷል። ግድግዳችን ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት አለ፤ ገና መናገር ስትጀምር በጣቴ እሱን አሳየኋት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል። «ሌቦች!» አለችን። «ከየትም ተለቃቅማችሁ መጥታችሁ ልትዘርፉን!» አለችኝ። ጫማውን ወረወረችውና ትከሻዬን መታኝ። እኔም አልቻልኩም፣ «ሌባ አንቺ ራስሽ! ውጪልኝ!» አልኳት።

ባለቤቱ ከላይ ወረዱ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ምን እንደተፈጠረ እንኳ ሳይጠይቁ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ «ይቅርታ ጠይቂ!» አሉኝ። ጠየቅኩ። ብሯን መለሱላት። ስትወጣ ዞር ብላ ሳቀችብኝ። ማታ ሲዘጋ ደግሞ «ደንበኛ ንጉሥ ነው፤ ይሄ 3800 ብር ካንቺ ደሞዝ ነው የሚቆረጠው» አሉኝ። እስካሁን አልቆረጡም፤ የሚቀጥለው ወር ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ሰው በር ላይ ሲቆም ሆዴ ይገለበጣል። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ለሴትዮዋ መልስ ስሰጣት ሰፈሬ ያልፈኛል። ይባስ ብሎ ባለፈው ሳምንት እግራቸው ያበጠ አንዲት እናት ሰፊ ጫማ ፈልገው መጡ። አራት ጫማ አስለክቼ አልሆን ሲላቸው «እማማ፣ የሚገዙ ከሆነ ይግዙ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አልኳቸው። ማንም አልነበረም። ቀና ብለው አዩኝና «ምነው ልጄ፣ ደክሞሻል መሰለኝ» ብለውኝ ወጡ። እናቴን መሰሉኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው አልነበርኩም።

ወንድሜ «ነገ ዛሬ ሳትዪ ልቀቂ» ይላል። ጓደኛዬ «ቻዪው፣ እንጀራ ነው» ትላለች። እናንተ ምን ትሉኛላችሁ?

ሰ. ነኝ፣ ከመገናኛ

---

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ዓይኔ ላይ የቀረው የተወረወረው ጫማ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን እግራቸው ያበጠው እናት ናቸው ውስጤ የቀሩት። አንቺም የጻፍሽልኝ በሴትዮዋ ሳይሆን በእሳቸው ምክንያት ይመስለኛል። ሴትዮዋን እኮ ሳምንታት ችለሻታል። ያላስችል ያለሽ «ምነው ልጄ» የሚለው ቃል ነው። ተሳሳትኩ?

«እንዲህ ዓይነት ሰው አልነበርኩም» ብለሻል። አሁንም አይደለሽም። ልቡ የደነደነ ሰው አንዲት የማያውቃቸውን እናት ገላምጦ ሲያበቃ እንቅልፍ አያጣም። የሆነው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ነገር ነው። ሴትዮዋ ጫማውን የሠራውን ፋብሪካ አታገኘውም፣ አስመጪውን አታውቀውም፣ ባለቤቱም ላይ ናቸው፤ ፊቷ የቆምሽው አንቺ ነሽና አንቺን መታች። ጋሼም ሰው በሞላበት ሱቅ ሴትዮዋን መናገር ፈሩ፣ አንቺን ተናገሩ። አንቺ ደግሞ ለጋሼ መልስ መስጠት አትችዪም፣ ስለዚህ ያ ሁሉ ሆድሽ ውስጥ ተጠራቅሞ ሰነበተና ምንም ያላጠፉ ሰው ላይ ፈሰሰ። ይህን የምልሽ የእማማን ነገር ላቀልልሽ ብዬ አይደለም። ንዴቱ ከየት እንደተነሳ ካላወቅሽ ነገም ሌላ ሰው ላይ ይወጣል ብዬ ስለምሰጋ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለኔ ሳይሆን ለራስሽ ስጪ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጠሽ መልስ ስትሰጪ፣ እውነት የምታናግሪው ሴትዮዋን ብቻ ነው? ወይስ መሃል ላይ ጋሼም ይገባሉ? ከሁሉ የከበደሽ የቱ ነው፤ ጫማው ነው፣ «ተለቃቅማችሁ» የሚለው ቃል ነው፣ ወይስ ሰው እያየሽ ባላጠፋሽው ይቅርታ ማለትሽ? ምክንያቱም መፍትሔው ይለያያል። ሴትዮዋ ዳግመኛ ላትመጣ ትችላለች። ጋሼን ግን ነገ ጠዋትም ታገኛቸዋለሽ።

አሁን ደስ የማይልሽን ነገር ልናገር። በጫማው ጉዳይ ሴትዮዋ እውነት ነበራት። በአንቺ ላይ ያደረገችው ሌላ ነው፤ እሱ ነውር ነው፣ ምንም ማስተባበያ የለውም። ግን ሁለቱን ለያይተሽ እንድታዪልኝ እፈልጋለሁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። እሷ የመጣችው በዘጠነኛው ቀን ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቀለሙን አልወደድኩትም፣ ቁጥሩን ተሳስቻለሁ ለሚል ሰው ሊሠራ ይችላል። ሶሉ ለተላቀቀ ጫማ ግን አይሠራም። ይህን ደግሞ አንቺ የምታውቂበት ምክንያት አልነበረም፤ ማንም አልነገረሽም። ወረቀቱን የለጠፍሽውም አንቺ አይደለሽም። ያልለጠፍሽውን ወረቀት ስትከላከዪ ነው የተመታሽው፤ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ደግሞ ከዚያኛው በኩል ቆመሽ እይው። የፋሲካ ሰሞን ነው። 3800 ብር ቀላል ብር አይደለም፣ ምናልባት ከዶሮው ከቅቤው ተቀንሶ የወጣ ነው። ልጁ ጫማውን አድርጎ አንድ ሳምንት ሳይሞላው ሶሉ አፉን ከፈተ። መንገድ ላይ እየመጣች «አይቀበሉኝም፣ ያታልሉኛል» እያለች ራሷን ስታጋግል ነበር የመጣችው። ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ነገር ወደ ግድግዳው የተቀሰረ ጣት ነው። እመኚኝ፣ ሱቅ ውስጥ ገብቶ ከሚጮኸው ሰው ብዙው ክፉ ሆኖ ሳይሆን አይሰሙኝም ብሎ ስለፈራ ነው የሚጮኸው። ሰድቦ የሚደሰትም አለ፣ አልክድም። ለሁለቱ ግን አንድ ዓይነት መልስ የለም።

እኔም ባንኮኒ ኋላ ቆሜ አውቃለሁ። በወጣትነቴ መርካቶ የአጎቴ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ «አራት ሜትር» አለኝ፣ ቆረጥኩለት። ሲያየው «ሦስት ነው ያልኩህ!» ብሎ ሱቁን በአንድ እግሩ አቆመው። እኔም ጮህኩ፤ አራት ነው፣ ሦስት ነው፣ አራት ነው፣ ሦስት ነው። አጎቴ ቀስ ብሎ መጣና ጨርቁን ከእጄ ተቀብሎ እንደገና ለካው። መለካት አያስፈልገውም ነበር እኮ፣ አራት ሜትር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ግን እሱ ሲለካ ሰውዬው ዝም አለ። ዓይኑ ከኔ ላይ ተነስቶ ሜትሩ ላይ ሆነ። ከዚያ አጎቴ «ትርፏን አንድ ሜትር በግማሽ ዋጋ ልስጥዎት፣ ለልጅ ሱሪ ትሆናለች» አለው፤ ሰውዬውም ከፍሎ ሄደ። ማታ ላይ አጎቴ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መቀስ ከማስገባትህ በፊት ጮክ ብለህ «አራት ሜትር፣ ልቁረጠው?» በል። ከዚያ ወዲያ በሜትር የተጣላሁት ሰው አላስታውስም።

ያንን ወዳንቺ ሱቅ ላምጣው። አንድ ሰው ዕቃ ይዞ ተቆጥቶ ሲመጣ ከፊቱ በፊት ዕቃውን እዪው። ተቀበዪው። ገልብጪው፣ ሶሉን ንኪው፣ ከየት በኩል እንደለቀቀ ተመልከቺ። «ኧረ ይሄ በዘጠኝ ቀን እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ደረሰኙን ይዘውታል?» በይ። ይህን ማለት ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም። ሰው የሚፈልገው መጀመሪያ ዕቃው እንዲታይለት ነው፤ ሲታይለት ድምፁ አንድ እርከን ይወርዳል። እስኪጨርስም አታቋርጪው። የተናደደ ሰው ዝም ብሎ ከተሰማ ብዙ ሳይቆይ የሚለው ያልቅበታል፤ ከተቋረጠ ግን «አልጨረስኩም!» ብሎ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሌላው «እርስዎ» የሚለው ቃል ነው። በኛ ቋንቋ ጠብ የሚጀምርበት ቦታ በግልጽ ይታወቃል፤ «እርስዎ» ሲባባሉ የነበሩ ሰዎች «አንተ» እና «አንቺ» የተባባሉ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ጫማ የሚያወራ የለም። ሴትዮዋ «አንቺ» ብትልሽም አንቺ ከ«እርስዎ» አትውረጂ። ለእሷ ክብር ብለሽ ብቻ አይደለም። «እርስዎ» በመሃላችሁ እንደ ባንኮኒ ነው፤ ከወዲያ ማዶ ያቆማታል። «ሌባ አንቺ ራስሽ» ስትዪ ባንኮኒውን ዘለሽ ወደ እሷ ሄድሽ። እዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ እሷ ትበልጥሻለች፣ ምክንያቱም እሷ ወጥታ ትሄዳለች፣ አንቺ እዚያው ትቀሪያለሽ። ብትሰድቢያት አልፈርድብሽም፤ እኔም በተመታሁበት ቅጽበት ምን እንደምል አላውቅም። ለሚቀጥለው እንዲሆንሽ ነው።

የሚቀጥለው ሰው ከዕቃው አልፎ ወደ አንቺ ሲመጣስ? ስድብ ዋጋ ተቀብለሽ የምትሸጪው ነገር አይደለም። አንድ ዐረፍተ ነገር አዘጋጂና ቤትሽ ሆነሽ፣ መስታወት ፊትም ቢሆን፣ አፍሽ እስኪለምደው በይው። ለምሳሌ «ስለ ጫማው የምችለውን አደርግልዎታለሁ፤ ሲሰድቡኝ ግን ልረዳዎት አልችልም።» ረጋ ብለሽ፣ አንዴ ብቻ። ካልተወ «ባለቤቱን ልጥራልዎት» ብለሽ ከቦታው ተነሺ። ዕቃ ካነሳ፣ እጅሽን ከያዘ፣ ከገፈተረሽ ደግሞ ንግግር የለም፤ ወደ ኋላ ትሄጃለሽ፣ የሕንፃውን ጥበቃ ትጠሪያለሽ። ትከሻሽን የመታሽ ነገር ጫማ ስለሆነ አቅልለሽ አትዪው። ሰው ላይ ዕቃ መወርወር መማታት ነው።

ከእንዲህ ያለው ነገር በኋላ ደግሞ ወዲያው ወደሚቀጥለው ሰው አትሂጂ። አብራሽ የምትሠራ ካለች «አምስት ደቂቃ ያዢልኝ» በያት፣ ስቶር ግቢ፣ ውሃ ጠጪ፣ ማልቀስ ከፈለግሽ አልቅሺ። በቀን ከ11 ሰዓት በላይ ቆመሽ ነው የምትውዪው፤ በዚያ ላይ ስድብ ሲጨመርበት ሰውነት ከየት ያመጣዋል? የእማማ ነገር የመጣው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚገርመው እሳቸው ባንድ እይታ አወቁት። «ደክሞሻል» አሉሽ እንጂ «ባለጌ ነሽ» አላሉሽም።

ወደ ጋሼ እንምጣ፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ያሉሽን ቃል በየሱቁ ሰምቼዋለሁ። ችግሩ ንጉሡን የምታስተናግደው ልጅ ብር ለመመለስ ሥልጣን የላትም፣ ጫማ ለመቀየር ሥልጣን የላትም፣ ያላት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ብቻ ነው። ጋሼ ከላይ ሲወርዱ ያደረጉትን ልብ በይ፦ ብሯን መለሱላት። አንቺ እንዳትሰጪ የተከለከልሽውን እሳቸው በሁለት ደቂቃ ሰጡ። ሴትዮዋ የተማረችው ነገር ምንድነው? ጮኸሽ ከወረወርሽ ባለቤቱ ይወርዳሉ፣ ብሩ ይመለሳል። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ አብሮ ተማረ።

ይህን ለእሳቸው መንገር ያስፈልጋል፣ ግን አነጋገሩ አለው። ማታ ሒሳብ ሲዘጉ አይሆንም፤ ሰው ገንዘብ ሲቆጥር ጆሮ የለውም። ጠዋት ሱቁ ሳይሞላ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ «ጋሼ፣ ስለ ሥራው አምስት ደቂቃ ላናግርዎት» በይ። ስለ ስሜትሽ አትጀምሪ፣ ስለ ሱቃቸው ጀምሪ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሁለት ሳምንት ደብተር ያዢ። የተመለሰ ጫማ ሁሉ ይጻፍ፤ ቀኑ፣ ሞዴሉ፣ ምን እንደሆነ፣ ሰውየው ምን እንዳለ። ለምን መሰለሽ? አንዳንድ ሶል መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት ሲቀመጥ ሳይለበስም ውስጡ ይሞታል፣ ከተደረገ በኋላ በጥቂት ቀን ይፈረካከሳል ወይም ይላቀቃል። ተመላሹ ሁሉ ከአንድ ሞዴል፣ ከአንድ ካርቶን ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ። እንዲህ ከሆነ ጋሼ የሚጣሉት ካንቺ ጋር ሳይሆን ካመጣላቸው ሰው ጋር ነው። ነጋዴ ደብተር ያከብራል።

ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂያቸው። አንደኛ፣ ሶሉ የተላቀቀ፣ ስፌቱ የተተረተረ ጫማ በ15 ቀን ውስጥ ደረሰኝ ይዞ ለሚመጣ ሰው አንቺ ራስሽ መቀየር እንድትችዪ፤ መቀየር ከከበዳቸው ቢያንስ አቅራቢያችሁ ካለ ጫማ ሰፊ ጋር ተነጋግረው በሱቁ ወጪ እንዲሰፋ። ሰፊው የሚጠይቀው ብር ከ3800 ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ጫማው ሲሸጥም ክፍያ ከመቀበልሽ በፊት «ጉድለት ካለው በ15 ቀን ከነደረሰኙ ያምጡት፣ ቁጥር ለመቀየር ግን ዛሬውኑ ይለኩ» ማለት እንድትችዪ። የአጎቴ መቀስ ይሄ ነው። ሁለተኛው፣ ተሳስተሽ እንኳ ቢሆን ሰው ፊት እንዳይናገሩሽ። «ጋሼ፣ ባጠፋ ስቶር ጠርተው ይቆጡኝ። ሰው ፊት ሲሆን ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ይንቀኛል፣ መሸጥ ያቅተኛል» በያቸው። እውነትም ነው፣ ለእሳቸውም ይገባቸዋል።

የደሞዙ ነገር። ይህንን በደንብ ስሚኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ከደሞዝ ላይ እንደፈለገ እንዲቆርጥ አይፈቅድለትም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ካልተፈቀደ፣ ፍርድ ቤት ካላዘዘ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ መቁረጥ አይቻልም። በእነዚህ መንገዶች እንኳ ቢሆን ባንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዝ ሲሶ አይበልጥም፤ ከ7000 ብር ሲሶው 2333 ብር ግድም ነው፣ 3800 ከየት መጣ? ስለዚህ «ተስማምቻለሁ» የሚል ወረቀት ቢሰጡሽ አትፈርሚ፤ «ወንድሜን ላማክር» ብለሽ ያዥው። ውል የለኝም ማለትሽም መብት የለኝም ማለት አይደለም። በቃል የተቀጠረ ሰውም ሠራተኛ ነው፤ እንዲያውም ሕጉ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ ወረቀት እንዲሰጥ ያዝዛል። የሥራ ሰዓቱም በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ የናንተው ከዚያ በጣም ያልፋል። እሱን ግን ዛሬ ከሁሉም ጋር አብረሽ አታንሺው፣ ሁሉን ባንዴ ካነሳሽ አንዱም አይሰማም።

ሕጉን ይዘሽ ጋሼ ላይ አትውጪባቸው። አውቀሽው ግቢ፣ ያ ብቻ ድምፅሽን ያረጋጋዋል። «ጋሼ፣ ጫማው ጉድለት ነበረው፣ እኔ አላበላሸሁትም። ከደሞዜ መቆረጡ ልክ አይመስለኝም፣ በዚያ ላይ ለእናቴ የምልከው ነው» ማለት ይበቃል። በንዴት የተናገሩትም ሊሆን ይችላል፤ እስካሁን አለመቁረጣቸው ትንሽ ተስፋ ይሰጠኛል። ከነገርሻቸው በኋላ ከቆረጡ ግን ክፍለ ከተማችሁ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ጠይቂ። የደሞዝ ማስገቢያ መልእክቶችሽን፣ ስልክሽ ላይ ያለውን የባንክ ማስረጃ ሁሉ አትሰርዢ።

ወንድምሽ ልቀቂ ይላል፣ ጓደኛሽ ቻዪው ትላለች። ሁለቱም ስለሚወዱሽ ነው። እኔ ግን ሁለቱንም አልልሽም። «ቻዪው» ስትባዪ የቻልሽው ነገር የት እንደሚሄድ አይተሽዋል፤ እማማ ላይ ነው የሄደው። «ነገ ልቀቂ» ደግሞ የቤት ኪራይሽን፣ የእናትሽን ብር አይከፍልም፤ ወንድምሽ እስክታገኚ ይደጉመኛል ካላለሽ በቀር። ለራስሽ ሁለት ወር ስጪ። ጋሼን አናግሪያቸው፣ ደብተርሽን ያዢ፣ የሚለወጥ ነገር ካለ እይ። ጎን ለጎን ሌላ ቦታ ጠይቂ፤ የጫማ ቤት ልምድ ያላት ልጅ መገናኛ ላይ፣ ቦሌ ላይ፣ ፒያሳ ላይ ትፈለጋለች። ሥራ እያለሽ ሥራ መፈለግ ሳይኖርሽ ከመፈለግ ይሻላል። ለመውጣት ከወሰንሽም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥተሽ፣ ደሞዝሽን ጨርሰሽ ተቀብለሽ ውጪ እንጂ ተጣልተሽ አትውጪ። ባለቤቱ ስድቡን፣ መመታትሽን ዳግመኛ አይተው እንዳላየ ካለፉ ግን ሁለት ወሩን አትጠብቂ። እንዲያ ሲሆን ወንድምሽ ልክ ነው።

ሴትዮዋን ይቅር በያት አልልሽም። እሱ የአንቺ ነው፣ ጊዜም የራሱን ያደርጋል። «ተለቃቅማችሁ» ያለችሽ ቃል ግን አብሮሽ ቤት እንዳይገባ። ከደሴ መጥተሽ፣ በ23 ዓመትሽ ራስሽን ችለሽ፣ ለእናትሽ የምትልኪ ልጅ ነሽ። እሷ ይህን አታውቅም፣ ልታውቅም አልሞከረችም። ታክሲ ውስጥ መልስ መስጠት ስትጀምሪ ስልክሽን አውጪና ለእናትሽ ደውዪ። ስለ ሥራ አታውሪ፣ ዝም ብለሽ ድምፃቸውን ስሚ።

እማማን አልረሳሁም። ሰፊ ጫማ ነበር የፈለጉት ብለሻል፣ እግራቸውም አብጧል። እግሩ ያበጠ ሰው ጫማ ፍለጋ ከሩቅ አይመጣም፤ ያንቺው አካባቢ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም። አዲስ ዕቃ ሲገባ ሰፋ ያለ፣ ለስላሳ፣ በማሰሪያ ወይም በቬልክሮ የሚላላና የሚጠብቅ ፈልጊና የሳቸውን ቁጥር አንዱን ስቶር አስቀምጪላቸው። ከተመለሱ ወንበር ስጪያቸው፣ ጫማውን ራስሽ አድርጊላቸው። «የዚያን ቀን ደክሞኝ ነበር፣ እማማ» በያቸው። መልሳቸው ምን እንደሆነ ጻፊልኝ።